መኪናዬ እየተነሳች ለምን «ሞታለች» ይሉኛል? የአሮጌ መኪና የመድን ካሳ እንዴት ይሰላል

ስልኩ ሲደወል መኪናዬ መቼ ተጠግና እንደምትወጣ ሊነግሩኝ መስሎኝ ነበር። «ቶታል ሎስ (ሙሉ ኪሳራ) ሆናለች» አለኝ የመድን ኩባንያው ገማች። እንዴት ሆኖ? ከግጭቱ በኋላ እኮ ራሴ ነድቼ ነው ጋራዥ ያስገባኋት። ሞተሯ ይሠራል፣ መሪዋም አይጎትትም። የተጎዳው ኮፈኑ፣ የፊት ፓራውልቱ፣ አንድ መብራትና የግራ በሩ ነው። ሁለት ኤርባግም ፈንድቷል። ለእኔ ይህ የሚጠገን ነገር ነው። ለእሱ ደግሞ ሒሳብ ነው፤ ሒሳቡን ሠርቶ ጨርሷል።

ያኔ ስለዚህ ሒሳብ ምንም አላውቅም ነበር። ተናደድኩ፣ ጮህኩ፣ ከዚያ አፈርኩና ቁጭ ብዬ ወረቀቱን ማንበብ ጀመርኩ። ዛሬ ዘመድም ጓደኛም መኪናው ሲገጭ ወደ እኔ ይደውላል። ለእነሱ የምነግራቸውን ነው እዚህ የምጽፈው።

ሦስቱ ቁጥሮች

ቶታል ሎስ ሲባል መኪናዋ ተጨፍልቃ ቆርቆሮ ሆናለች ማለት ላይሆን ይችላል። አዎ፣ እንደዚያ የምትሆንበት ጊዜ አለ። በአሮጌ መኪና ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ የገንዘብ ውሳኔ ነው። ውሳኔው የሚቆመው በሦስት ቁጥሮች ላይ ነው። አንደኛው መኪናዋ ከግጭቱ በፊት የምታወጣው ዋጋ ነው። ሁለተኛው የጥገናው ወጪ ነው። ሦስተኛው የተጎዳችው መኪና እንዳለች ብትሸጥ የምታመጣው ገንዘብ ነው፤ ይህን ሳልቬጅ ይሉታል፣ እኔ ቅሪት እለዋለሁ።

ገንዘቡ የየትኛውም አገር ይሁን፣ መኪናዋ ከግጭቱ በፊት 100 ታወጣ ነበር እንበል። ጋራዡ ለጥገና 65 ጠየቀ። 65 ከ100 ያንሳል፤ ታዲያ ለምን አይጠግኗትም? ምክንያቱም የተጎዳችውን መኪና ለመለዋወጫ የሚፈልግ ሰው በ40 ይወስዳታል። ኩባንያው ቢጠግናት 65 ያወጣል። ለእናንተ 100 ከፍሎ ቅሪቷን በ40 ቢሸጥ ግን ከኪሱ የሚወጣው 60 ብቻ ነው። አለቀ። መኪናዋ በወረቀት ላይ ሞተች።

መስመሩ የት ላይ እንደሚሰመር ከቦታ ቦታ ይለያያል። በአሜሪካ አንዳንድ ግዛቶች ልክ ከላይ እንዳሰላነው የጥገናውንና የቅሪቱን ዋጋ ደምረው ከመኪናዋ ዋጋ ጋር ያነጻጽራሉ። ሌሎቹ ደግሞ በሕግ ከመቶ ይህን ያህል ብለው ወስነዋል፤ ኒው ዮርክ 75 ከመቶ ስትል ቴክሳስ 100 ከመቶ ትላለች። ሕጉ ዝም ባለበት አገር ኩባንያው የራሱን ልክ ያወጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «በየትኛው ስሌት ነው ቶታል ሎስ ያላችኋት?» የሚል ይሁን።

አሮጌ መኪና ቶሎ «የምትሞተው» ለምንድን ነው? የመኪናዋ ዋጋ በየዓመቱ ይወርዳል፣ የጋራዡ የእጅ ዋጋ ግን አይወርድም። በር ቀጥቅጦ ማቃናትና ቀለም መቀባት በ3 ዓመት መኪናም በ20 ዓመት መኪናም ያው ሥራ ነው። ኤርባግ ከፈነዳማ ሌላ ታሪክ ነው፤ ኤርባጉ ራሱ፣ ሴንሰሩ፣ አንዳንዴም ዳሽቦርዱ ሙሉ ይቀየራል። በዚያ ላይ የተገጨ መኪና ሲፈታ አዲስ ጉዳት ይወጣል። የመጀመሪያው ፕሮፎርማ የመጨረሻው እንዳልሆነ ገማቹም ጋራዡም ያውቃሉ። ስለዚህ ኩባንያው መስመሩ ጋ ሳይደርስ ነው የሚቆመው።

መጠገን የምትመርጡ ከሆነ በሩ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። ያገለገለ መለዋወጫ ወይም ኦሪጅናል ያልሆነ ዕቃ የሚጠቀም ሌላ ጋራዥ ዘንድ ሄዳችሁ ሌላ ፕሮፎርማ ማምጣት ይቻላል። ሻንሲው ካልተነካ አንዳንዴ ይሠራል።

የሚከፈለው የየትኛው ቀን ዋጋ ነው?

ጭቅጭቁ ሁሉ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። እኛ በጭንቅላታችን ሦስት ዋጋ ይዘን እንቀርባለን፤ የገዛንበት፣ ፖሊሲው (የመድን ውሉ) ላይ የተጻፈው፣ እና ተመሳሳይ መኪና አሁን ለመግዛት የሚያስፈልገን። ኩባንያው ከሦስቱ አንዱንም አይደለም የሚያየው። የሚያየው መኪናዋ ከመገጨቷ አንድ ደቂቃ በፊት፣ በዚያ ሁኔታዋ፣ በገበያ ላይ ስንት ታወጣ እንደነበር ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። መድን ጉዳትን ይተካል እንጂ አያተርፍም። እንግሊዝ አገር በ1883 አንድ የታወቀ ክርክር ነበር። ሰውየው ቤቱን ለመሸጥ ተዋውሎ ገንዘቡን ገና ሳይቀበል ቤቱ ላይ እሳት ይነሳል። መድን ሰጪው ካሳ ከፈለው። ቆይቶ ገዢው የተዋዋሉበትን ሙሉ ዋጋ ከፈለው። መድን ሰጪው «ገንዘቤን መልስ» ብሎ ከሰሰ፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም ፈረደለት። ለአንድ ጉዳት ሁለት ካሳ የለም ማለት ነው። ኩባንያው ሙሉ ዋጋ ከከፈለ ቅሪቷን የሚወስደውም በዚሁ ሐሳብ ነው። ብሩንም መኪናውንም መያዝ አይቻልም።

ፖሊሲው ላይ ስለተጻፈው ቁጥር ግን ረጋ ብለን እንነጋገር፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሰበረው። መኪናዋን በ100 አስመዝግባችሁ አረቦኑንም በ100 ልክ ስትከፍሉ ከርማችሁ ይሆናል። መኪናዋ በግጭቱ ቀን የምታወጣው 70 ከሆነ የሚከፈላችሁ 70 ነው። 100 የተባለው ቁጥር ጣሪያ ነው፤ ቃል ኪዳን አይደለም። ይህን ለሰዎች ስነግር «ታዲያ ለምን በ100 አስከፈሉኝ?» ይላሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እኔም ሽንጤን ገትሬ ጠይቄዋለሁ። መልሱ ዋጋውን ያስመዘገብነው እኛው መሆናችን ነው። ፖሊሲው ሲታደስ የአምናውን ቁጥር ዝም ብለን እንፈርምበታለን።

ከዚህ ነጻ የሆነ አንድ ዓይነት ውል አለ። ዋጋው ሲዋዋሉ ተስማምተው የሚቆርጡት ነው፤ ቶታል ሎስ ከሆነ ያ የተቆረጠው ይከፈላል። ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ሰብሳቢዎች ለሚፈልጓቸው ጥንታዊ መኪኖች ነው። የእናንተ ውል እንደዚያ ካልሆነ «የገበያ ዋጋ» የሚለው ቃል የሆነ ቦታ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

ተቃራኒውም አለ፣ እሱ ይብሳል። መኪና ሁልጊዜ አይረክስም። በ2021 ዓለም ላይ የቺፕ እጥረት ተፈጥሮ አዳዲስ መኪኖች ሲጠፉ ያገለገሉ መኪኖች ዋጋ በብዙ አገር ወደ ላይ ተተኮሰ። የገንዘብ ዋጋ በሚወርድበት ቦታም አሮጌ መኪና ከተገዛበት በላይ ሊሸጥ ይችላል። መኪናዋ 100 እያወጣች በ60 ተመዝግባ ከተገኘች፣ ቶታል ሎስ ስትሆን ከ60 በላይ አይከፈልም። ያ ብቻ አይደለም። ብዙ ፖሊሲ ውስጥ አንድ አንቀጽ ተሸጉጣለች። ከዋጋው በታች ካስመዘገባችሁ፣ ለትንሽ ጉዳት እንኳ የሚከፈላችሁ በዚያው መጠን ተቀንሶ ነው። 10 የሚያወጣ የበር ጉዳት 6 ብቻ ይከፈልበታል። ቀሪውን እናንተ «ራሳችሁን መድን አድርጋችኋል» ነው ክርክሩ።

ገማቹ ዋጋውን ከየት አመጣው?

ከሰማይ አላወረደውም። አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ መኪኖች በቅርቡ የተሸጡበትን ወይም ለሽያጭ የቀረቡበትን ዋጋ ይሰበስባል። ከዚያ ለኪሎ ሜትር፣ ለሞዴል ዓመት፣ ለዕቃ ዝርዝርና ለመኪናዋ ሁኔታ ይደምራል ወይም ይቀንሳል። ስለዚህ የሚነግራችሁ አንድ ቁጥር ውስጡ አሥር ትንንሽ ቁጥሮች አሉበት። ከነዚያ አንዱ ከተሳሳተ ድምሩ ይሳሳታል።

የእኔን ላውራችሁ። የግምቱን ሰነድ በጽሑፍ ስጡኝ አልኩ። መጀመሪያ አንገራገሩ፣ በሦስተኛው ቀን ላኩት። መኪናዬ አውቶማቲክ ናት፣ ማኑዋል ተብላለች። ፉል ኦፕሽን ናት፣ ስታንዳርድ ተብላለች። ኪሎ ሜትሩ 138 ሺህ ነበር፤ የሆነ ሰው ሲገለብጥ 183 ሺህ አድርጎታል። ተንኮል አይመስለኝም፤ በቀን ስንት መኪና የሚጽፍ ሰው ነው። ግን ስህተቶቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ነበር የሚያዘነብሉት። ሰነዱን ባልጠይቅ ኖሮ ስለ ፍትሕ ስጮህ እከርም ነበር፤ ጉዳዩ ሁለት አሃዝ መገላበጡ ሆኖ ሳለ።

«ሁኔታ» የሚለውን ረድፍ በተለይ እዩት። እዚያ ላይ «መካከለኛ» ተብሎ ይጻፍና ከዋጋው ይቀነሳል። ገማቹ መኪናዋን ያያት ተገጭታ፣ አቧራ ለብሳ ጋራዥ ቆማ ነው። ከዚያ በፊት ምን ትመስል እንደነበር የማሳየት ሥራ የእናንተ ነው። ስልካችሁን ፈትሹ። ሰው መኪናውን ፎቶ አያነሳም፤ ነገር ግን ልጁን መኪናው ላይ ደግፎ ያነሳል፣ ሠርግ ላይ ከጀርባ ትታያለች። እኔ ያገኘሁት የተሻለው ማስረጃ አክስቴ ከኮፈኑ ፊት ቆማ የተነሳችው ነው። ቀለሙ እንደ መስታወት ያበራል። ፎቶው ላይ ቀኑ አለ።

ስለ ደረሰኞች እውነቱን ልንገራችሁ። ባለፈው ወር አራት ጎማ ቀይራችሁ ከሆነ የጎማውን ዋጋ አትመልሱትም። ዘይት፣ ፍሬን ሸራ፣ ባትሪ መኪና ስለያዛችሁ የምታወጡት ወጪ ነው፤ ዋጋ ላይ አይደመርም። ደረሰኙ የሚጠቅመው መኪናዋ በደንብ ተይዛ እንደነበር ለማሳየት ነው። ሞተር ወይም ካምቢዮ ሙሉ በሙሉ ተቀይሮ ከሆነ ግን ዝም አትበሉ። ያወጣችሁትን ያህል ባይሆንም፣ በተለይ ብዙ ኪሎ ሜትር በሄደች መኪና ላይ ዋጋውን ያነሳል።

የገበያውን ዋጋ ደግሞ ራሳችሁ ሰብስቡ። ከአምስት እስከ አሥር ማስታወቂያ ይበቃል። ያው ሞዴል፣ ያው ዓመት ወይም አንድ ዓመት ከፍ ዝቅ ያለ፣ ያው ማርሽ፣ የሚቀራረብ ኪሎ ሜትር። ስክሪንሹት አንሱና ቀኑ ይታይ፤ ማስታወቂያ ነገ ይጠፋል። ውድ ውዱን ብቻ መርጣችሁ አትላኩ። ገማቹ ገበያውን ያውቀዋል፤ ሁለት ረከስ ያሉ ካሉበት ሌሎቹንም ያምናችኋል። «ይህ የተጠየቀ እንጂ የተሸጠበት ዋጋ አይደለም» ይላችኋል። እውነቱን ነው። እናንተም የእሱ ቁጥሮች የተሸጡበት ናቸው ወይስ የተጠየቁ ብላችሁ ጠይቁት።

ከዚያ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉ። ስንት ዓመት ደንበኛ እንደነበራችሁ፣ መኪናዋን ምን ያህል እንደምትወዷት መጻፍ አያስፈልግም። ይህ በሰነዱ ላይ ስህተት ነው፣ ትክክለኛው ይህ ነው፣ ማስረጃው ይኸው፣ የምጠይቀው ቁጥር ይህ ነው። በስልክ የተባለውን ሁሉ በኢሜይል ወይም በመልእክት ድገሙት። እኔ በዚህ መንገድ የመጀመሪያው ግምት ላይ 14 ከመቶ ጨምረውልኛል። ሀብታም አላደረገኝም፤ የተሳሳተው ብቻ ነው የታረመው።

ካልተስማማችሁስ? አንዳንድ ፖሊሲ የግምት አንቀጽ አለው። እናንተም አንድ ገማች ትቀጥራላችሁ፣ ኩባንያውም አንድ ያቆማል፣ ሁለቱ ካልተስማሙ ሦስተኛ ሰው መርጠው ይዳኛቸዋል። ጥሩ መንገድ ነው፤ ነገር ግን የገማቻችሁን ክፍያ የምትችሉት እናንተ ናችሁ። በአሮጌ መኪና ላይ የምትጣሉበት ልዩነት ከገማቹ ክፍያ ያነሰ ከሆነ ንዴታችሁን እየመገባችሁ ነው። ለመድን ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ብዙ ቦታ ወጪ የለውም፤ ቀነ ገደቡን ግን ጠይቁ።

ፊርማ፣ ተቀናሽ፣ ቅሪት

ገንዘቡን ከመስጠታቸው በፊት የሚያስፈርሟችሁ ወረቀት አለ። «ሙሉና የመጨረሻ ክፍያ ተቀብያለሁ፣ ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ነው። ይህን ከፈረማችሁ በኋላ 138 ሆነ 183 ማንም አይሰማችሁም። ገንዘቡ ከቸገራችሁ የማትጣሉበትን መጠን ቀድመው እንዲከፍሉና ልዩነቱ ለክርክር እንዲቆይ በጽሑፍ ጠይቁ። እሺ የሚሉ አሉ።

ከተስማማችሁበት ዋጋ ላይ ደግሞ ይቀነሳል። ኤክሰስ የሚባለው፣ ውሉ ላይ ራሳችሁ ልትሸከሙት የተስማማችሁት ድርሻ፣ ይነሳል። አረቦኑን ከፋፍላችሁ የምትከፍሉ ከሆነ ቀሪው ሊነሳ ይችላል። መኪናዋ የባንክ ብድር ካለባት ቼኩ መጀመሪያ ወደ ባንኩ ነው የሚሄደው፤ ካሳው ከብድሩ ካነሰ መኪና ሳይኖራችሁ ብድር ትከፍላላችሁ። የመጎተቻና የማቆሚያ ሒሳብም አለ። ማቆሚያው በቀን ስለሚቆጥር እናንተ በዋጋ ስትከራከሩ እሱ እየበላ ነው። ማን እንደሚከፍለውና እስከ መቼ እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን ይጻፍላችሁ፣ ወይም መኪናዋን በነጻ ወደምትቆምበት አስወስዷት።

«መኪናዋን ራሴ ላስቀራትስ?» የሚለው ጥያቄ በአሮጌ መኪና ላይ በጣም ይመጣል። ብዙ ቦታ ይቻላል። ከ100 ላይ የቅሪቱን 40 እና ኤክሰሱን ቀንሰው ይሰጧችሁና መኪናዋ የእናንተ ሆና ትቀራለች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የቅሪቱ ዋጋ ከፍ ሲል ሁለት ጊዜ ይነካችኋል። መጀመሪያ መኪናዋን ቶታል ሎስ ያደርጋታል፣ ኋላ ደግሞ ከእጃችሁ ላይ ይቀነሳል። ስለዚህ «40 የሰጣችሁ ማነው?» በሉ። እውነተኛ ገዢ ያቀረበው ዋጋ ከሆነ ወረቀቱን ያሳዩ። በግምት የተጻፈ ከሆነ እሱም እንደማንኛውም ግምት ክርክር ይገባዋል።

ማስቀረት የሚያዋጣው ጉዳቱ ላሜራና ቀለም ብቻ ሲሆን፣ እናንተም የምታምኑት መካኒክ ከሥር አይቶ ሻንሲው ቀጥ ያለ ነው ሲላችሁ ነው። ሻንሲ ከተጣመመ እርሱት። ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን የምትስብ መኪና በርካሽ አገኘሁ ብሎ መንዳት ምን ይሉታል? ወረቀቱም ይከተላችኋል። በአሜሪካ እንዲህ ያለችው መኪና የባለቤትነት ሰነዷ ላይ ምልክት ይደረግባታል። በብሪታንያ ከጥቅምት 2017 ጀምሮ የተጎዱ መኪኖች በአራት ምድብ ይከፈላሉ፤ ሁለቱ ወደ መንገድ መመለስ አይችሉም። ከቀሩት ሁለት አንዱ መዋቅሯ የተጎዳ፣ ሌላው መዋቅሯ ያልተነካ መኪና ነው። ምልክቱ ስትሸጧት ዋጋዋን ይጎትታል፣ ሙሉ ዋስትና የሚሰጣት ኩባንያም ሊጠፋ ይችላል። ከመወሰናችሁ በፊት ይህን ደውላችሁ ጠይቁ።

ጥፋቱ የሌላው ሾፌር ከሆነ ሒሳቡ ትንሽ ይለወጣል። የእሱን መድን ሰጪ በቀጥታ ብትጠይቁ ኤክሰስ የለባችሁም፣ መኪና አጥታችሁ ለመጓጓዣ ያወጣችሁትንም ብዙ ቦታ መጠየቅ ትችላላችሁ። ችግሩ፣ ያ ኩባንያ ከእናንተ ጋር ውል የለውም፣ አይቸኩልም፣ ደንበኛው ጥፋተኛ መሆኑ እስኪረጋገጥ ይጠብቃል። የራሳችሁ ሙሉ ዋስትና ካላችሁ የእናንተ መድን ሰጪ ቀድሞ ከፍሏችሁ በእናንተ ቦታ ገብቶ ከዚያኛው ይቀበላል፤ ሲሳካለት ኤክሰሳችሁንም እንዲያስመልስ አሳስቡት። የሦስተኛ ወገን ብቻ ያላችሁና ጥፋቱም የእናንተ ከሆነ ግን ለራሳችሁ መኪና ካሳ የለም።

ሁሉም ካለቀ በኋላ መኪናዋን ለማስረከብ ስትሄዱ ጊዜ ውሰዱ። ሊብሬው፣ ሁለቱም ቁልፎች፣ ታርጋው የሚመለስ ከሆነ ታርጋው፤ ሁሉንም በፊርማ አስረክቡ፣ ባለቤትነቱ ከስማችሁ መውጣቱንም አረጋግጡ። ዳሽቦርዱ ኪስ፣ ወንበሩ ሥር፣ ኋላ ምንጣፉ ሥር እጃችሁን ስደዱ። እኔ ሁለት ዓመት የፈለግኩትን የቤት ቁልፍ አግኝቻለሁ። ስኮርታ ጎማውንና ክሪኩን ግን አትንኩ። እነሱ የመኪናዋ ናቸው፣ ከጎደሉ ይቀነስባችኋል። በኋላ ያስገባችሁት ቴፕም ቢሆን ግምቱ ውስጥ መግባቱን ሳትጠይቁ አትፍቱት። እኔ ሳልጠይቅ ፈትቼ ወስጄ፣ በማግሥቱ ይዤው ተመለስኩ።